አጋሟ የከሰሰችኝ ጊዜ

የታጠበ አንሶላ ታቅፌ ከቤት ስወጣ ሽብሩን ግቢዬ ውስጥ፣ አጋሟ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ሽብሩ ‹ሥር ያላቸው ነዋሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት› ውስጥ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ነው። ስሙ አያስገርማችሁ፤ የዛሬ ወጣቶች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መልሰው አምጥተውታል። ሽብሩ፣ ተሰማ፣ ድንቅነሽ ይባላሉ። ማርሲላስና ሄቨን ተብለን ያረጀነው እኛ ነን።

«እትዬ ማርሲላስ፣ ክስ መጥቶብሻል» አለኝ።

«ማነው የከሰሰኝ?»

በአገጩ ወደ አጋሟ አሳየኝ።

«እሷ?»

«እሷ።»

«ምን አድርጌያት?»

«ልብስ ታሸክሚያታለሽ።»

ከአንሶላው የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማው ላይ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ አንሶላውን እንደ ወትሮው አጋሟ ላይ ዘረጋሁት። እሾኳ ዳር ዳሩን ነክሶ ያዘው። የድሬዳዋን የከሰዓት ነፋስ የሚያውቅ ሰው ልብሱን ለገመድ አያምንም። ከገመድ የበረረ ልብስ ስንቴ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተገኝቷል! አጋም የያዘችው ግን የትም አይሄድም።

«እየደገምሽው እኮ ነው!» አለ ሽብሩ።

«ልብሴ እርጥብ ነው አቦ። ክሱ ይደርሳል።»

ዛፍና ቁጥቋጦ ሁሉ መታወቂያ ካወጣ ወዲህ የሰፈራችን ጠዋት እንዲህ ነው። ሰው ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ ሥር ላላቸው ነዋሪዎች ሰላምታ ይሰጣል። ግንዳቸው ላይ የታሰረችው ልሳን፣ እንቁላል የምታህል ነጭ የመናገሪያ ዕቃ፣ በእነሱ ስም ትመልሳለች። መስጊዱ በር ላይ ያለው የኒም ዛፍ ስለ ወገቡ ሕመም ያወራል። የእነ ተሰማ ፓፓያ በጋሪ ተጭኖ ለምርመራ ይሄዳል፤ ከሎሚዎችና ከዘይቱኖች ጋር ወረፋ ይይዛል። የሰው ክሊኒክም እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፤ ከጀርባ በኩል ነው፣ ጠይቆ መግባት ነው።

ልሳኖቹ የሚናገሩት የአዲስ አበባ አፍ ነው። ሁሉንም እርስዎ ይላሉ። እኛ ድሬዎች ደግሞ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ብለን ነው የኖርነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው እርስዎ ሲባል ከኋላው ትልቅ ሰው የመጣ መስሎት ዞር እያለ ያይ ነበር።

የጎረቤቴ የሄቨን ቡጋንቪላ በተለይ አፏ ማር ነው። «እንዴት አደሩ ውዴ? ዛሬ ደግሞ ቀሚስዎ እንዴት ያምራል!» ትላታለች። ሄቨን ይህንን ለመስማት ፊቷን ሳትታጠብ ነው የምትወጣው። ባሏ በሕይወት እያለ ቀሚስ መልበሷንም ያወቀ አይመስለኝም።

የእኔ አጋም እንደዚህ አይደለችም። እንዴት አደርሽ ስላት «አለሁ» ትላለች። በቃ። አንድ ጊዜ ብቻ «አበብኩ» ብላለች፤ እሱንም ቢሆን ሽታዋ ቀድሟት ሰፈሩ ሁሉ ካወቀው በኋላ ነው። እንደዚያ ያለች ዝምተኛ ከሳሽ ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ከ‹አለሁ› ሌላ ቃል የማታወጣው ናት የከሰሰችኝ?» አልኩት ሽብሩን።

«ሸክም ሲበዛባት ልሳኗ ራሷ ታመለክትላታለች። እሷ መናገር የለባትም፤ አሠራሩ ነው።»

«እና ምን ተወሰነ?»

ሽብሩ ዓይኑን አሸሸ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሕፃን ሆኖ የአጋሟን ፍሬ ሲለቅም እሾክ የወጋውን ጣቱን እኔ ነኝ መጥጬ ያዳንኩት። «ወደ ማረፊያ ትዛወራለች» አለ። «ሐሙስ መጥተው ይነቅሏታል።»

«ይነቅሏታል?»

«በክብር ነው የሚነቅሏት፣ እትዬ። ምን ላድርግ? ብቸኛ ነዋሪ ናት፤ ዘመድ የላትም። ዘመድ ቢኖራት የቤተሰብ ጉዳይ ነው ተብሎ ክሱ ይዘጋ ነበር። በቤተሰብ መሐል ሸክም እንደ ሥራ አይቆጠርም።»

«እሱንስ አውቀዋለሁ» አልኩት። «አግብቼ ነበር።»

ሽብሩ ከሄደ በኋላ አጋሟ ፊት ቆሜ ወገቤን ያዝኩ። «አንቺ፣ በእውነት ከብዶሻል?» አልኳት።

«አለሁ» አለች ልሳኗ።

ማረፊያውን አይቼዋለሁ። ከሳቢያን ሰፈር ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ነው። የሄቨን ሎሚ እርጅና ተጫጭኗታል ተብላ ባለፈው በጋ ወደዚያ ተወስዳለች፤ ሄቨን ልትጠይቃት ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። መግቢያው ላይ ጫማችንን አስወለቁን። ውስጡ ረድፍ በረድፍ የተተከለ ነው፤ መሬቱ ተጠርጓል፣ ቅጠል የሚባል አልወደቀበትም። ሄቨን ሎሚዋ ጋ ስትደርስ ልሳኗ ቀድማ «የኔ እመቤት መጡ! እኔ ደህና ነኝ፣ እንደዚህ ተመችቶኝ አያውቅም» አለቻት። ሄቨን አለቀሰች፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ እኔ ሐሜት ሳይቀር ነገረቻት። እኔ ከኋላ ቆሜ የሎሚዋን አንድ ቀንበጥ በጣቴ ነካሁ። ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቀጥሎ ያለችውንም ነካሁ፤ ቀጭ። በረድፉ እስከ መጨረሻው ድረስ ያው ነው። ሁሉም ይናገራሉ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» ለዚህ ነው ለካ ቅጠል ያልወደቀው፤ ከደረቀ እንጨት ምን ይረግፋል?

ለሄቨን አልነገርኳትም። በየሳምንቱ እየሄደች ትጠይቃታለች፤ ከእሷ ስትመለስ ፊቷ ይፈካል። ምን ብዬ ልንገራት?

በዚያው ቀን፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ፣ ሐጂ ኢምራን ቤት ሄድኩ። ሐጂ ድሮ የባቡር ሹፌር ነበር፤ ባቡሩ ራሱን በራሱ መንዳት ከጀመረ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደዘገየ ሲቆጥር ነው የሚውለው። ሄቨንም እዚያ ቁጭ ብላለች። ነገሩን ነገርኳቸው።

«ውይ፣ ይሻላታል እኮ ማርሲ» አለች ሄቨን። «የኔ ሎሚ እንዴት እንደተመቻት ራስሽ ሰምተሻል። አንቺ ደግሞ ግትር ነሽ። አንሶላሽን እንደ ሰው ማሽን ውስጥ አድርቂው!»

«ነገሩ የአንሶላ አይደለም።»

«ታዲያ የምን ነው? ለአንድ እሾክ! ስንት ቀሚስ ቀድዳብኛለች!»

«አንቺን ቀሚስሽን ነው፤ እኔን ነፍሴን ነው የያዘችኝ» አልኩና ትከሻዬን ገልጬ ጠባሳውን አሳየኋት።

ታሪኩን ሁለቱም ያውቁታል፤ ግን ማንም ካነሳው ቆይቷል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናብ ደጋው ላይ ሲጥል ግን እኛ ጠብታ ሳናይ ጎርፉ ይመጣል። ገና በወጉ መሮጥ ሳልጀምር አንዱ ጎርፍ እንደዚያ መጣና አጥራችንንም በራችንንም እኔንም ይዞ ሄደ። እናቴ ከእጇ ስወጣ «በቃ አለቀች» ብላ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይህችው አጋም ላይ ተሰቅዬ አገኙኝ፤ እሾኳ ቀሚሴን በጀርባ በኩል እንዳለ ጠቅልሎ ይዞታል። ቀሚሴን በመቀስ ቆርጠው ነው ያወጡኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ «አንቺን ስወልድ ሳይሆን ከእሷ ሳላቅቅሽ ነው ያማጥኩት» ትል ነበር።

ሐጂ ኢምራን ፂሙን አሻሸ። «ዘመድ ብቻ ነው የጎደለው?» አለ።

«ሽብሩ እንደዚያ ነው ያለው። ግን አጋም ዘመድ ከየት ታመጣለች?»

«ባዳስ ዘመድ ከየት ያመጣ ነበር?» አለ ሐጂ። «ድሮ ሁለት ባላጋራዎች ታርቀው የሥጋ ዘመድ ለመሆን ሲፈልጉ ጡት ይጣቡ አልነበር? ጣት ማር ይቀባል፣ ያኛው ይጠባል፣ ሦስት ምስክር ያያል። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ናቸው፤ ማንም አይፈታውም። ሕጉ ላይ ዛሬም አለ። ‹በባህል የተመሠረተ ዝምድና› ይለዋል። አቦ፣ ለአጋም አይሠራም የሚል ደግሞ የለም!»

ሄቨን ሳቀችና ሳቋን መሐል ላይ አቆመችው። እኔን እያየችኝ ነበር። «ማርሲ» አለች ቀስ ብላ፣ «አጋሟ ማረፊያ እንዳትሄድ ይህን ያህል የምትሟገቺው…» አልጨረሰችውም። ተነስታ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ተቀየመች ብዬ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በትንሽ ብልቃጥ ማር ይዛ መጣች፤ የእውነት ማር፣ ንብ የሠራችው። ለመድኃኒት ብላ ስንት ዘመን የደበቀችው ነው። እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «ሎሚዬ ደርቃለች አይደል?» አለችኝ።

«ደርቃለች።»

«አውቄዋለሁ። ሎሚዬ መቼም አመስግና አታውቅም ነበር።»

ረቡዕ ከሰዓት ሽብሩን ጠራነው። ሰፈሩ ሙሉ እንቅልፍ ላይ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ድሬ ላይ ሰው ለሠርግም አይነሳም። ሐጂ አንድ ምስክር፣ ሄቨን ሁለት። ሦስተኛ ጠፋ።

«የኔ ቡጋንቪላ አለች» አለች ሄቨን። «መታወቂያ አላት፣ ዕድሜዋ ደርሷል፣ ግቢው በአጥር በኩል ይታያታል።»

ሽብሩ አሰበ። «መመሪያው አይከለክልም» አለ። ለራሱም የገረመው መሰለ።

እኔ ያሰብኩት እናት ልሆን ነበር። አውራ ጣቴን ማር ነክሬ ወደ አንድ ለስላሳ ቅጠል አስጠጋሁ። «ጥቢ እንግዲህ» አልኳት። ቅጠሏን ቀባሁት።

«ያልታወቀ ነገር ገላዬ ላይ ተቀብቷል» አለች ልሳኗ። «አቤቱታ ቀርቧል።»

ሽብሩ እጁ ላይ ያለችውን ሰሌዳ አየ። «ሁለተኛ ክስ መጣ፣ እትዬ።»

«አቁሙ፣ አቁሙ!» አለ ሐጂ። «ነገሩን ገልብጠነዋል። አጋም እንዴት ብላ ትጠባለች? አፍ ያለው የሚጠባው ነው፤ ወተት ያለው የሚያጠባው ነው።» አንድ ቅጠል ቀጠፈ። ከተቀጠፈበት ነጭ ወተት ፈሰሰ። «ይኸው! እናትየዋ እሷ ናት።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ልሆን?»

«ጥርስሽ እስኪያልቅ ልትጠብቂ ነው?» አለች ሄቨን።

«ለአጋም? እኔ ማርሲላስ?»

«ነገ ይነቅሏታል» አለ ሽብሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጽሕፈት ቤት ሰው ሳይሆን እንደ ሰፈር ልጅ ነው የተናገረው። «ጥቢ አቦ፣ እትዬ። እኔ እየመዘገብኩ ነው።»

ሄቨን ማሩን ቅርንጫፏ ላይ አፈሰሰችው። ተንበረከኩ። በእሾክ መሐል አፍ ማስገባት መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው። አብባ ነበር፤ ሽታው ራስ ያዞራል። ማሩን ስጠባው ከሥሩ የቅጠሉ ወተት መጣ፤ መረረኝ። ከንፈሬን ወጋችኝ። ደሙ፣ ማሩና ምሬቱ አንድ ላይ ሆኑ። ራሴን ልመልስ ስል የፀጉሬን ሻሽ ያዘችው። አልታገልኳትም። በጎርፉ ጊዜም ባለመታገሌ ነው የተረፍኩት፤ ሕፃን ነበርኩ፣ መታገል አላወቅኩም።

«አየን» አለ ሐጂ።

«አየሁ» አለች ሄቨን፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«እኔም አይቻለሁ ውዴ፣ እጅግ ደስ የሚል ሥነ ሥርዓት ነው» አለች ቡጋንቪላዋ ከአጥሩ በላይ።

ከዚያ የአጋሟ ልሳን ተናገረች፦ «የቤተሰብ ዝምድና ተመዝግቧል። እናት፣ አጋም። ልጅ፣ ማርሲላስ። ክሱ ተዘግቷል።»

ሐጂ እጁን ዘርግቶ መረቀን። «እሾኳ ለባላጋራ፣ ጥላዋ ለልጇ ይሁን!»

«አሜን» አለ ሽብሩ፤ እሱንም መዘገበው መሰለኝ።

ሐሙስ የመንቀያው መኪና በሰፈራችን አልፎ ሄደ። አንሶላዬ አጋሟ ላይ እንደተሰጣ ነበር። ሹፌሩ ቀና ብሎ አይቶ መንገዱን ቀጠለ፤ በቤተሰብ መሐል ማን ይገባል?

ዓርብ ጠዋት ግን ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወደ ቀፊራ ገበያ ልወጣ ስል የግቢ በሬ አልከፈት አለኝ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለ ከኋላዬ። ዞር አልኩ። ማንም የለም። አጋሟ ናት።

«ማንን ነው አንቺ የምትዪው?»

«እናትሽ ትጠይቅሻለች። የት ልትሄጂ ነው?»

ሽብሩን ጠራሁት። ሰሌዳዋን አገላብጦ አየና ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን እየያዘ ነው። በባህል ዝምድና የገባ ልጅ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ወላጁ ቤት እስካለ ድረስ ጥገኛ ነው ይላል መመሪያው። በር የሚከፈተው፣ ገበያ የሚሸጥልኝ፣ ባጃጅ የሚጭነኝ እናቴ ስትፈቅድ ነው።

«ይህን መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ሌላ አጥቢ አጋም አላየሁማ!»

እንዲህ ሆነና የእኔ ኑሮ ተለወጠ። ጠዋት ተነስቼ እናቴን ደህና አደርሽ እላታለሁ፤ የምሄድበትን እናገራለሁ። ሸክም የበዛባት ቀን ዝም ትላለች፤ ዝምታ ደግሞ ክልከላ ነው። አንሶላና ብርድ ልብስ ባንድ ላይ ያሰጣሁ ዕለት ዘይት ልገዛ ሱቅ ሄጄ፣ ባለሱቁ ልጅ መልሶ ላከኝ። «እናትሽን አስፈቅጂ» አለኝ፤ በሰው ፊት! ሄቨን በዚህ ነገር ሳቅ ሊገድላት ነው። በአጥር በኩል ብቅ ብላ፣ «እትዬ አጋም፣ ማርሲ ወጥታ ከእኔ ጋር ትጫወት?» ትላለች። «ራቷን ሳትበላ አትወጣም» አለች አንድ ቀን ልሳኗ። ከየት እንዳመጣችው እንጃ።

ብርድ ልብሱን ማሽን ውስጥ ማድረቅ ጀመርኩ። ተሸነፍኩ ማለት አይደለም። ክረምት ሊገባ ሲልም ከሥሯ ያለውን ቆሻሻ አጸዳሁላት፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ የጠየቅሁትን ሁሉ ፈቀደችልኝ። ሐጂ ይህን ሰምቶ፣ «እናትነቷ በእውነት ነው» አለ።

በመጨረሻ ከዚህ ሁሉ የገላገለችኝ የሐጂ ፍየል ናት። ፍየሎች ገና ልሳን አልተሰጣቸውም፤ ቀንድ ያላቸው ነዋሪዎች ጉዳይ እስካሁን ምክር ቤት ላይ ነው። ስለዚህ ማንም አይጠይቃቸውም፣ ማንንም አይጠይቁም። አንዷ በአጥሩ ሾልካ ገብታ የአጋሟን ፍሬ ስትለቅም ልሳኗንም ከነማሰሪያዋ ቀረጠፈቻት። ደርሼ ላስጥላት ስል ቁራጩ አፏ ውስጥ ሆኖ «አለሁ… አለሁ…» ይላል። ለተወሰነ ጊዜ ፍየሏ ስታመሰኳ ሁሉ «አለሁ» ትል ነበር።

ሽብሩ የቀረውን ሰብስቦ ወሰደ። ሌላ ልሳን ከአዲስ አበባ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም አለ። እስከዚያ ድረስ ፈቃድ የሚባል የለም፤ በሩ እንደ ድሮው በእጅ ይከፈታል።

«ነፃ ወጣሽ እትዬ» አለኝ።

«ተመስገን» አልኩ።

በማግስቱ ልብሴን አሰጣሁ፤ አንሶላውንም ብርድ ልብሱንም። ማንም ምንም አላለም። አዲሱን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ዘንቢሌን ያዝኩ፣ ለማንም ሳልናገር ወደ በሩ ሄድኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እጄን በሩ ላይ አድርጌ ልገፋው ስል ከኋላ ጎተት አደረገኝ። ቀሚሴ። ጫፉን ወደ በሩ የተዘረጋ አንድ የአጋሟ ቅርንጫፍ ነክሶ ይዞታል።

መቀስ ቤት ውስጥ ነበረኝ። ብጎትተውም ይቀደድ ነበር እንጂ ይለቀኝ ነበር።

ዘንቢሌን አስቀመጥኩ። ተመለስኩና ብርድ ልብሱን ከላይዋ አነሳሁላት።

«ቀፊራ ነው የምሄደው፣ እማዬ» አልኳት። «ሳይመሽ እመጣለሁ።»

ነፋስ መጣና ቅርንጫፉን አንቀሳቀሰው። ቀሚሴም ተለቀቀ።